አምስተኛው ክር፦ ከመጫወቱ በፊት ዝም ማሰኘቱ

ጠያቂያችን ነዋሪነታቸው ደብረ ማርቆስ ሲሆን ከአንድ የሠርግ ባንድ ጋር ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ሲጫወቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ወር ከአንድ ባልደረባቸው ባለ አምስት ክር ተውሰው አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተጫውተውበት ነበር። «እጄ ሰው ቤት በእንግድነት የገባ ይመስል ግራ ተጋባ፤ ኤ ክርን ልመታ ስል ኢ ክርን እመታለሁ፤ ወፍራሙን ክር ከሁለት ዘፈን በላይ ሳልነካው ድምፄ ሁሉ ጭጋግ ለበሰ» ሲሉ ጽፈዋል። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው። ጭጋጉ ከምን መጣ? አዲስ ከመግዛት ይልቅ ያለኝን ባለ አራት ክር በወፍራም ክሮች ብጠቀምበትስ? ኅዳር ላይ ብጀምር ለጥር ሠርግ እደርሳለሁ?

ብዙ የሚያነጋግረው የመጀመሪያው ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ የምመልሰው እሱን ነው። ጠያቂያችን ወፍራሙን ክር እምብዛም አልነካሁትም ማለታቸው መልሱን ራሱ ይዟል፤ እርሳቸው ባይነኩትም ክሩ ዝም ብሎ አላመሸም። የባለ አምስት ክር ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው፤ የተጨመረው አምስተኛ ክር ቢ ነው። ባዶው፣ ማለትም በግራ እጅ ያልተያዘው፣ ቢ ክር በሴኮንድ 30.87 ጊዜ ይርገበገባል። ማንኛውም ክር ግን ከመሠረታዊው ድምፁ ጋር እጥፉን፣ ሦስት እጥፉን፣ አራት እጥፉንም አብሮ ያወጣል፤ በቢ ክር እነዚህ 61.7፣ 92.6 እና 123.5 ሄርዝ ናቸው። ከሌላ ክር ላይ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር የሚገጥም ድምፅ ሲወጣ እርግብግቢቱ በብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ በሚያርፉበት መደገፊያ) እና በአንገቱ እንጨት በኩል አልፎ ቢ ክርን ይቀሰቅሰዋል። ባለ አራት ክር ላይም ይህ አለ፤ ቢ ክር ግን ወፍራምና ከባድ ስለሆነ አንዴ ከተነሣ ቶሎ አይተኛም፤ ድምፁም ዝቅተኛ ስለሆነ ጆሮ እንደ ስሕተት ኖታ ሳይሆን እንደ ጉም አድርጎ ይሰማዋል።

ይህን በራስዎ ጆሮ ማረጋገጥ ይችላሉ። አምፕሊፋየሩን ይክፈቱና ቢ ክርን ምንም ሳይነካው ይተዉት። ኤ ክርን ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች ሁለተኛው) ላይ ይዘው አንዴ ጠንከር አድርገው ይምቱ፤ ወዲያው በዚያው እጅ ኤ ክርን ብቻ ያፍኑት። ጊታሩ ዝም አይልም። የመቱት ኖታ 61.7 ሄርዝ፣ ማለትም የቢ ክር እጥፍ ስለሆነ ያልተነካው ክር ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ዲ ክርን አራተኛው ፍሬት ላይ ይዘው ቢደግሙት ደግሞ ሦስት እጥፉ ይነሣል። አሁን አውራ ጣትዎን ቢ ክር ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፉ፤ ጊታሩ ጸጥ ይላል። ጠያቂያችን ያን ቅዳሜ ያመሹት ይህንን ድምፅ ከእያንዳንዱ ኖታቸው ሥር እየጎተቱ ነው።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ባለ አምስት ክር በያዝኩ በሁለተኛው ወር ገደማ ቡሬ ላይ ሠርግ ስንጫወት የድምፅ ባለሙያችን «የሆነ ቦታ ኧርዝ የለም፣ ኸም ያደርጋል» እያለ በየዘፈኑ መሀል ኬብል ሲነቅልና ሲሰካ አመሸ። ለእረፍት ስንወርድ ጊታሬን ማቆሚያው ላይ ባስቀምጠውም ኪቦርዱ በተጫወተ ቁጥር ኸሙ ቀጠለ። ክሩን በመዳፌ ስነካው ጠፋ። ለባለሙያው እውነቱን የነገርኩት ከሳምንት በኋላ ነው።

መፍትሔው ያለው በቀኝ እጅ አውራ ጣት ላይ ነው። ባለ አራት ክር ላይ አብዛኞቻችን አውራ ጣታችንን ፒክአፑ (የክሮቹን እርግብግቢት የሚቀበለው ማግኔት) ላይ አሳርፈን፣ ሌሎቹን ጣቶች ብቻ እያንቀሳቀስን ለምደናል። በባለ አምስት ክር አውራ ጣት አንድ ቦታ ተተክሎ መዋል አይችልም፤ ከሚጫወቱት ጣቶች ጋር አብሮ መውረድና መውጣት አለበት። ኢ ክርን ሲመቱ አውራ ጣቱ ቢ ክር ላይ ይረፍ። ወደ ኤ ሲያልፉ ጫፉ ኢ ክር ላይ ያርፍና ጎኑ ቢን ተደግፎ ይቆያል። ዲንና ጂን ሲመቱ ደግሞ ጫፉ ኤ ክር ላይ ደርሶ፣ ኢና ቢ በጎኑ ተሸፍነው ይቀራሉ። ክሩን መጫን አያስፈልግም፤ የጣቱ ክብደት ብቻውን በቂ ነው። የሚመታውም ጣት ከመታ በኋላ በአየር ላይ ከሚቀር ይልቅ ከላይ ባለው ክር ላይ ቢያርፍ አንድ ተጨማሪ አፋኝ አገኙ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። ክራር ግርፍ የሚጫወት ሰው ቀኝ እጁ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገርፍ፣ የሚሰማውን ድምፅ የሚመርጠው በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን ክሮች አፍኖ ነው። በገና ደርዳሪም ከአሥሩ አውታሮች ሁሉንም አይደረድርም፤ ከፊሎቹ ጣቱ መትቶ የሚያርፍባቸው ናቸው። ባለ አምስት ክር ቤዝ የሚጠይቀው ይኸንኑ ጥበብ ነው። ከባህል ባንድ የመጡ ልጆች ቀጥታ በጊታር ከጀመሩት ይልቅ ይህን ቶሎ ሲይዙት ደጋግሜ አይቻለሁ።

የግራ እጅም ድርሻ አለው። ኤ ክርን በጠቋሚ ጣት ሲይዙ የጣቱ ጫፍ ጥቂት ወጣ ብሎ ኢ ክርን እንዲነካው፣ የጣቱ ሆድ ደግሞ ዲንና ጂን ተኝቶባቸው እንዲቆይ ያድርጉ። ባለ አራት ክር ነት (ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያልፉበት ባለ ቦይ መደገፊያ) ላይ ያለው የአንገት ስፋት ከ38 እስከ 43 ሚሊ ሜትር ሲሆን ባለ አምስት ክር ግን ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 48 ይደርሳል። ስለዚህ የግራ አውራ ጣት ከአንገቱ በላይ ብቅ ብሎ ከቀረ የቀሩት ጣቶች ቢ ክር ጋ አይደርሱም፤ ከአንገቱ ኋላ መሀል ላይ መዋል አለበት። ማንገቻውንም ጥቂት ያሳጥሩት። ጊታሩን ጉልበት ድረስ አንጠልጥሎ መጫወት ያምራል፤ ነገር ግን ወፍራሙን ክር ለመያዝ የሚታጠፈው የእጅ አንጓ ከሦስት ሰዓት ሠርግ በኋላ ዋጋውን ያስከፍላል።

ሌላውን ክር የመምታቱ ችግር ከሁሉም ቀላሉ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሁሉ በላይ ያለው ወፍራም ክር ኢ ነው ብሎ የተማረ እጅ አሁን በላዩ ሌላ ክር ሲጨመርበት አንድ ክር ይስታል። የእኔ ምክር ለመጀመሪያው አንድ ወር ባለ አራት ክሩን ከቦርሳው እንዳያወጡት ነው። ሁለቱን እያፈራረቁ መልመድ ይቻላል የሚሉ ጥሩ ተጫዋቾች አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ እጅ ሁለት ካርታ በአንድ ጊዜ አይማርም። ደግሞም አውራ ጣት ቢ ክር ላይ ማረፍ ከለመደ በኋላ ቆጠራው ከእሱ ስለሚጀምር ስሕተቱ በአብዛኛው በራሱ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ቀድሞ መጠየቅ የነበረበትን ልጠይቅ፤ ለመሆኑ አምስተኛው ክር ለምን ያስፈልግዎታል? ቤዝ ጊታር እ.ኤ.አ. በ1951 የፌንደር ኩባንያ ፕሪሲዥን በሚለው ስም ለገበያ ባቀረበው ጊዜ አራት ክር የነበረው የኮንትራባሱን አሠራር ተከትሎ ነው። ይኸው ኩባንያ በ1965 ያወጣው ባለ አምስት ክርም ቢሆን የተጨመረበት ቀጭን ሲ ክር እንጂ ወፍራም ቢ ክር አልነበረም። ወፍራሙ ክር የተስፋፋው ኪቦርድ ከኢ በታች ያሉ ድምፆችን በቀላሉ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ነው።

በእኛ ሀገር ግን ሌላ ምክንያት አለ። የዘፈኑን ቁልፍ የሚመርጠው ጊታሩ አይደለም። ዋሽንት ቁልፉ ከቀዳዳዎቹ ጋር አብሮ የተወሰነ ነው፤ ማሲንቆውም በድምፃዊው ጉሮሮ ልክ ይቃኛል፤ ድምፃዊቷ ጉንፋን ይዟት እንደሆነ ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዙን (ቁልፍ መቀየሪያውን) አንድ ዝቅ አድርጎ «በኢ ፍላት ነው» ብሎ ይጀምራል። ባለ አራት ክር የያዘ ሰው ኢ ፍላት ሲባል ዝቅተኛው መነሻው ኤ ክር ስድስተኛው ፍሬት ላይ ነው፤ ከዚያ በታች መውረጃ የለውም። በባለ አምስት ክር ግን ቢ ክር አራተኛው ፍሬት ላይ ያንኑ ኢ ፍላት አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። ዲ ሦስተኛው፣ ሲ ደግሞ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ናቸው።

ይሁንና እኔን ይበልጥ የጠቀመኝ ይህ አይደለም። ትልቁ ጥቅም እጅ ሳይዘዋወር መጫወት መቻሉ ነው። ትዝታ ሜጀርን በኢ እንውሰድ፤ ኖታዎቹ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ እና ሲ ሻርፕ ናቸው። በባለ አምስት ክር ከቢ ክር አምስተኛ ፍሬት ይነሡና በዚያው ክር ሰባተኛው ላይ ይቀጥላሉ፤ ቀጥሎ ኢ ክር አራተኛና ሰባተኛ፣ ከዚያ ኤ ክር አራተኛና ሰባተኛ ነው። ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ባሉት አራት ፍሬቶች ላይ አራቱ ጣቶች እያንዳንዳቸው አንድ ፍሬት ይዘው፣ እጁ ሳይንቀሳቀስ ሙሉ ኦክታቭ አለቀ። ቁልፉ ወደ ኢ ፍላት ሲወርድ ይኸው ቅርጽ እንዳለ አንድ ፍሬት ወደ ኋላ ይሳባል፤ ባዶ ክር ስላልተጠቀሙ የሚለወጥ ነገር የለም። በባቲም፣ በአምባሰልም፣ በአንቺ ሆዬም እንዲሁ በአንድ ቦታ የሚያልቅ ቅርጽ ራስዎ ፈልገው ቢያገኙ ከማንም አስተማሪ የተሻለ ይጠቅምዎታል።

የታችኞቹን ኖታዎች በተመለከተ ቁጥብ እንዲሆኑ እመክራለሁ። ለምን እንደሆነ ሒሳቡ ያሳያል። የጎጃም ፈጣን የእስክስታ ምት በደቂቃ 130 ሲሄድ፣ በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ካሉት ሦስት ትንንሽ ምቶች አንዱ የሚቆየው 0.154 ሴኮንድ ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ባዶ ቢ ክር ገና አምስት ጊዜ እንኳን አልተርገበገበም። ጆሮ የቱ ኖታ እንደሆነ ለይቶ ሳይጨርስ ቀጣዩ ይመጣል፤ ስለዚህ ፈጣኑን ሐረግ በኢና በኤ ክር ይጫወቱትና ወፍራሙን ክር ለረጅም ኖታ፣ ለሐረግ ማሳረፊያ፣ ወይም ዘፋኙ ዝም ሲል ለሚመጣው ከባድ ምት ያስቀምጡት። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ቢመጣ ሕዝቡ ከወገቡ ይሰማዋል፤ ሁልጊዜ ከመጣ ግን ማንም አይሰማውም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስናልፍ፣ ባለ አራት ክሩን ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ አድርጎ መቃኘት ይቻላል፤ ለሙከራም መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ክር ቀይሮ ማጥበቅ ብቻ እንዳይመስልዎት። አንድ ክር ርዝመቱና ውጥረቱ ሳይለወጥ ከኢ ወደ ቢ እንዲወርድ ክብደቱ ወደ 1.8 እጥፍ መጨመር አለበት፤ ለዚህ ነው ኢ ክር 2.54 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቢ ክር 3.3 ሚሊ ሜትር የሚሆነው። ይህ ክር ለኢ በተቆረጠ የነት ቦይ ውስጥ አይገባም፤ በላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ባዶው ክር ልክ ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፍሬቶች ሲያዙ ድምፁ ከፍ ብሎ ይስታል። ስለዚህ ቦዩ በቀጭን ሞረድ መስፋት አለበት፤ አንዴ ከሰፋ ደግሞ ወደ ድሮው ክር ሲመለሱ ነቱ መቀየር ይኖርበታል። በብሪጁ ላይ ያለችው የቢ ክር መደገፊያም ወደ ኋላ መሳብ አለባት፤ በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ፣ ትረስ ሮዱም፣ ይፈተሻል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ጂ ክርን ያጣሉ፤ አንድ እጅ አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ሁሉን ይጫወታል ያልኩትም ጥቅም በግማሽ ይቀራል። ባንድዎ የሚቸገረው በዲ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ኢ ክርን ወደ ዲ ማላላት ምንም ወጪ የለውም፤ ቁልፉ በየዘፈኑ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን መግዛቱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለመግዛት ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ ሱቁ ውስጥ የሚያማምሩ ሐረጎችን በመጫወት ጊዜ አያባክኑ። ቢ ክርን ባዶውን፣ አምስተኛው ፍሬት ላይና አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ በዝግታ እየመቱ ድምፁ እኩል መሆኑን ያዳምጡ። አምስተኛው ፍሬት ላይ ያለው ኢ ከባዶው ኢ ክር ጋር ሲነጻጸር እንደ ሸክላ ሰሐን የደነዘዘ ከሆነ ያ ጊታር ቤትዎ ገብቶ አይሻሻልም። የአብዛኞቹ የክር ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር ነው፤ 889 የሆኑም አሉ፤ እነዚህ የቢ ክርን ውጥረት 6 በመቶ ያህል ይጨምራሉ፤ ክሩም ጠንከር ይላል፤ የታችኞቹ ፍሬቶች ግን ይበልጥ ይራራቃሉ። ብሪጁ ላይ በክሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ባለ አራት ክርዎ 19 ሚሊ ሜትር ከሆነና አዲሱ 16.5 ከሆነ ለጣትዎ ይጠብበዋል፤ 19 የሆነ ባለ አምስት ክርም ይገኛል፤ አንገቱ ግን ሰፊ ነው። እንጨቱ በክረምትና በበጋ መካከል እንደሚንቀሳቀስ አይርሱ፤ አምስተኛው ክር ወደ 15 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ተጨማሪ ውጥረት ስለሚያመጣ መስከረም ላይ የተስተካከለ አንገት የካቲት ላይ እንደገና መታየት አለበት። ሙሉ የክር ስብስብ ሲገዙም ባለ አምስት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ጎጃም ውስጥ የቢ ክር ለብቻው ፈልገው አያገኙ ይሆናልና መለዋወጫውን አብረው ይያዙ።

አምፕሊፋየርን በተመለከተ ቤዙን ማጋነን ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው። የሠርግ አዳራሽ ስፒከሮች አብዛኞቹ 31 ሄርዝን በቅጡ አያወጡም፤ ጆሯችን የቢ ክርን መሠረታዊ ድምፅ የሚያውቀው ከእጥፎቹ ገጣጥሞ ነው። ስለዚህ ክሩ አልሰማ ሲልዎት መሀለኛውን፣ በተለይ ከ250 እስከ 800 ሄርዝ ያለውን ጥቂት ከፍ ያድርጉ እንጂ ታችኛውን አይንኩ። ኪቦርዲስቱንም በአክብሮት ግራ እጁን እንዲያሳርፍ ይለምኑት። እርሱ በግራው፣ እርስዎ በቢ ክር አንድ ቦታ ላይ ከተገናኛችሁ የሁለታችሁም ድካም ከንቱ ነው። ይህን ውይይት ከመድረክ በፊት ያድርጉት፤ መድረክ ላይ የተነሣ ከሆነ ሠርገኛው ሳይቀር ይሰማል።

ሦስተኛው ጥያቄ አጭር መልስ አለው፤ ይደርሳሉ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ስለሆነ ሠርግ የለም፤ ስድስት ሳምንት ከጥቂት ቀን ያገኛሉ። ሁለቱን ሳምንት ቢ ክርን ሳይጫወቱበት ያሳልፉ፤ የሚያውቋቸውን ዘፈኖች በአራቱ ክር ይጫወቱ፣ ሥራዎ አምስተኛውን ዝም ማሰኘት ብቻ ይሁን። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ቢ ክርን ከአምስተኛ ፍሬት ወደ ላይ ብቻ ይጠቀሙ፤ ከላይ የገለጽኩት የትዝታ ቅርጽ እዚያ ይገባል። የታችኞቹን አራት ፍሬቶች ለመጨረሻው ይተዉ። ልምምዱ ከአምፕሊፋየር ወይም ከሄድፎን ጋር ይሁን፤ ጊታሩ ሳይሰካ ቢ ክር መርገብገቡ አይሰማም፤ እጅዎም ጥሩ እየሠራ እንደሆነ ይመስልዎታል። መብራት ሲጠፋ የግራ እጅን ቅርጾች ብቻ ይለማመዱ። ጊታሩ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ልምምዱ ሲያልቅ ኬብሉን ይንቀሉ፤ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል።

የጥር የመጀመሪያው ሠርግ ላይ የድምፅ ፍተሻ ሲደረግ አንድ ነገር ይሞክሩ። ጊታርዎን አንግተው፣ ቮልዩሙን ከፍተው፣ ሁለቱንም እጆች ከክሮቹ ላይ ያንሡና ድራመሩ ኪኩን ብቻ አራት ጊዜ እንዲመታ ይንገሩት። ማንም ሳይነካው ቢ ክር ሲነሣ ይሰማሉ። ከዚያ አውራ ጣትዎን መልሰው ቢ ክሩ ላይ ያሳርፉ፤ በዘፈንና በዘፈን መካከል፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁም ጭምር፣ ከዚያ አያንሡት።